ሽማግሌ የገባበት ወዳጅነት

ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ መጻፍ የሚገባኝ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። አሁንም አንድ ገጽ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። የተማረ ሰው ቢያነበው ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ግን የጎረቤቴ የንጋቷ ነገር በሰው አፍ ተበላሽቶ እንዳይቀር ፈራሁ። እኔንና እሷን የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። የነገረችኝን፣ ያየሁትንም እንደመጣልኝ ላስቀምጠው። የተሳሳተ ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሷን አትውቀሷት።

ንጋቷ የአንኮበር ሰው ናት። ከከተማው ወረድ ብሎ ወደ አሊዩ አምባ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ካለች መንደር ተወልዳ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ እዚያው ተዳረች። ከመጋባታቸው በፊት ልጁን ታውቀዋለች። ገበያ ሲወርዱ መንገድ ላይ ይገናኙና ያወሩ ነበር፤ ተጫዋች ነበር፣ ያስቃት ነበር። ካገባት በኋላ ግን በስድስት ዓመት ውስጥ አንዲት የጨዋታ ቃል ከአፉ አልወጣችም። "ውሃ አምጪ"፣ "የት ቆየሽ"፣ "ዝም በይ"። በቃ፣ ይኸው ነው። ዱላም ነበረው፤ እሷን የጎዳት ግን ዱላው አልነበረም።

"ያ መንገድ ላይ የማወራው ልጅ የት እንደገባ እንጃ" ትለኝ ነበር። "እዚያው ቤት ውስጥ ስፈልገው ኖርኩ፤ አጣሁት።"

ልጅ አልወለዱም። በሰባተኛው ዓመት ነጠላዋን ለብሳ ወጣችና ደብረ ብርሃን ገባች። ጠባሴ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ የበግ ጠጉር እያጠበች፣ እየነደፈች፣ በእንዝርት እየፈተለች መኖር ጀመረች። ይሄ እንግዲህ ከሃያ ዓመት በፊት ነው።

የፈተለችውን ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ይዛ የወጣች ዕለት አንድ ሸማኔ ከሚስቱ ጋር መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ብዙአየሁ ይባላል፤ ባና ነው የሚሠራው፣ ይሄን የጠጉር ብርድ ልብስ። ክሩን በሁለት እጁ ይዞ ሳብ አደረገው፤ ደግሞ ሳበው።

"ይህን የፈተለ ሰው ተቆጥቶ ነው የፈተለው" አላት።

"እንዴት አወቅህ?"

"ጠብቋላ! ባና ነው የምሠራበት ወይስ ሰው ነው የማንቅበት?"

ሚስቱ ፍቅርተማርያም በክርኗ ጎሸም አደረገችው፤ ንጋቷ ግን ሳቀች። ከአንኮበር ከወጣች እንዲያ ስቃ አታውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈተለችው ሁሉ ለእሱ ሆነ። ሌላ ሸማኔም ሌላ ነጋዴም አታውቅም።

ወዳጅነታቸውን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። እኔ ራሴ መጀመሪያ ላይ ክፉ አስቤ ነበርና አሁን ያሳፍረኛል። በበዓል ቀን ሸማኔ መወርወሪያ አይነካም። ብዙአየሁ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሷ ቤት ብቅ ይላል። እሷ መደቡ ላይ፣ እሱ በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በኅዳር ውርጩ ሜዳውን ጨው የተነሰነሰበት ሲያስመስለው፣ የእነሱ በር እንደተከፈተ ነው። ከአጥር ወዲህ ሆኜ እሰማቸዋለሁ።

"ኧረ በሩን ገርበብ እናድርገው፣ ጆሮዬ ሊቆረጥ ነው።"

"ተወው። ሰው ይየን።"

"ሰው ምን ያያል? አንዲት ሴት ቁጭ ብላ፣ አንድ ወንድ ሲንቀጠቀጥ።"

"እሱኑ ይይ።"

ከዚያ ይስቃሉ። እሱ ለማንም የማይለውን ለእሷ ይላል። አባቱ በስተርጅና ዓይናቸው ጠፍቶ ስለነበር እሱም እንደዚያ እንዳይሆን ይፈራል፤ ማለዳ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ከጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ምስማሮቹን መቁጠር ነው። ይህን ሚስቱ አታውቅም፤ ንጋቷ ታውቃለች። እሷም ሕልሟን ትነግረዋለች፤ ስለዚያ ስለ ጠፋባት ልጅ ትነግረዋለች። መካሪ አይደለም፤ ይሰማል፣ ከዚያ ያስቃታል። በቃ፤ ሌላ ነገር አልነበረም። ፍቅርተማርያም ራሷ እየመጣች "ያን ሰውዬ መልሺልኝ፣ ምሳው ቀዘቀዘ" እያለች ከበር ትጣራ ነበር፤ አንዳንዴም ምሳውን ትተው ሦስቱም ሲያወሩ ይውላሉ።

ፍቅርተማርያም ብልህ ሴት ነበረች። ሰው ማውራቱ እንደማይቀር ታውቃለች። ልጇን ማኅደረማርያምን ስትወልድ ንጋቷን ጠርታ፣ "ክርስትና የምታነሻት አንቺ ነሽ" አለቻት። "አበልጅ ከሆናችሁ ማንም አፉን አይከፍትባችሁም። አበልጅ እኮ ከእህት አይተናነስም፤ ተጋቡ ቢባል እንኳ ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድም።"

ሰማንያው ቀን ደረሰ። ማለዳ፣ ሕፃኗን ታቅፈው፣ ነጭ ለብሰው ሄዱ። ቅጽሩ በር ላይ ሲደርሱ ንጋቷ ቀጥ ብላ ቆመች። የወር አበባዋ መጥቷል። እንዲህ ተሆኖ ቤተ ክርስቲያን አይገባም።

"ማን ያውቅብሻል? ግቢ" አለቻት ፍቅርተማርያም በጆሮዋ።

"እኔ አውቃለሁ" አለች ንጋቷ። ሕፃኗን ለብዙአየሁ እህት ሰጠቻት። ከለሚ ለክርስትናው የመጣች እህት ናት፤ በማግስቱም ወደ አገሯ ተመልሳለች። እሷ ይዛ ገባች፣ እሷ አነሣች። ንጋቷ ከቅጽሩ ውጭ ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው። ከሰዓት በኋላ ድግሱ ላይ ግን ፍቅርተማርያም በሰው ፊት፣ "ክርስትና እናቷ ንጋቷ ናት" አለች። አራቱም ተያዩ፤ ማንም አላረመም። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አበልጅ"፣ "አበልጄ" ተባባሉ። ልጅቱም "ክርስትና እናቴ" እያለች አደገች። በየፋሲካው ቀሚስ የምትገዛላት ንጋቷ ነበረች። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እኛ ጎረቤቶቿ እንኳ ሌላ ነገር አልጠረጠርንም።

ካቻምና ፍቅርተማርያም ታመመች፤ በሆዷ ውስጥ የማይድን ነገር ነው የወጣባት። አራት ወር ያስታመመቻት ንጋቷ ነበረች። ስታርፍም እጇን ይዛት ነበር።

እስከ ሙት ዓመቱ ሰው ዝም አለ። ሙት ዓመቱ ባለፈ በሳምንቱ ግን ቦኖው ላይ ተጀመረ። ተራችንን እየጠበቅን ነው። ሠናይት፣ ይህችኛዋ ጠላ ሻጯ፣ ምላሷ አያርፍም፤

"ንጋቷ፣ ጀሪካኑን ለምን ትሸከሚያለሽ? ሰውዬሽ አያመጣልሽም?"

"ሰውዬዬ ደግሞ ማነው?"

"እኛ ነን እንግዲህ የምንነግርሽ?"

"አበልጄ ነው። አፍሽን ያዢ።"

"እሺ ይሁን፣ አበልጅ እንበለው። እኛ የምናውቀው አበልጅ ግን በዓመት አንዴ ድፎ ዳቦ ይዞ ነበር የሚመጣው፤ የአንቺው በየበዓሉ ባዶ እጁን ነው።"

ሴቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ አልዋሽም። ንጋቷ ጀሪካኗን ሳትሞላ ሄደች።

ወሬው የንስሐ አባታቸው ዘንድ ደረሰ። መምሬ ወልደኪዳን የሁለቱም የንስሐ አባት ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ብዙአየሁን አስጠርተው፣ "ልጄ፣ ሚስት የሌለው ወንድና ባል የሌላት ሴት እንዲህ ሲቀራረቡ ሰው ይሰናከላል" አሉት። "አበልጅህ ባትሆን አግባት እልህ ነበር። አበልጅ ስለሆናችሁ ግን እግርህን ከቤቷ አንሣ።"

ብዙአየሁ ደነገጠ። እግርህን አንሣ የሚለው ቃል ነው ያስደነገጠው። አንደበቱ ቀደመውና፣ "አበልጅ አይደለንም አባቴ" አለ። የቅጽሩን በር ነገር ሁሉ ነገራቸው።

መምሬም፣ "እንግዲያው ምን ትጠብቃለህ?" አሉት።

በኅዳር መጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች የንጋቷን በር አንኳኩ። መምሬ ወልደኪዳን፣ አቶ ዘርአ ዳዊትና አንድ ሌላ የማኅበር ሰው። ንጋቷ ገና ሲመጡ አይታ ግራ ገባትና እኔን በአጥሩ ጠራችኝ፤ ገብቼ ጥግ ላይ ቆምኩ። "አረፍ በሉ" ብትላቸው አልተቀመጡም።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት፣ ከዘራቸውን ተደግፈው።

በአገራችን ሽማግሌ ይህን ካለ ለምን እንደመጣ የማያውቅ የለም።

"ለማን ነው?" አለች።

"ለብዙአየሁ።"

ሳቀች። እውነቴን ነው፣ ከልቧ ነው የሳቀችው። "አባቶቼ፣ ተሳስታችኋል! አበልጄ እኮ ነው። መምሬ፣ እርስዎ እያሉ እንዴት እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ይመጣሉ?"

"ልጄ ንጋቷ" አሉ መምሬ ዝግ ብለው፣ "ማኅደረማርያምን ያነሣሻት አንቺ አይደለሽም። እህቱ ናት። ራሱ ነው የነገረኝ።"

ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ወዴት እንደሄደ እንጃ። መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌ ቆሞ ሴት ስትቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እነሱም አልተቆጡም፤ በደስታ የደነገጠች መሰላቸው። "በጥር ይሆናል፤ ለሚቀጥለው እሑድ መልስ ይዘሽ ጠብቂን" ብለው ሄዱ።

እኔ ሞኟ፣ "እንኳን ደስ ያለሽ" አልኳት።

"እሺ ብላቸው ባል አገኛለሁ" አለችኝ። "እምቢ ብላቸው ሽማግሌ የመለሰች ሴት እሆናለሁ፤ ሽማግሌው የተመለሰበት ወንድ ደግሞ የዚያችን ሴት ደጅ አይረግጥም። ብዙአየሁን የማገኝበት መልስ የትኛው ነው? ንገሪኝ እስቲ።"



ማክሰኞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያት ወደ ሽመና ቤቱ ሄደች። ብዙአየሁ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ይሠራል፤ ማኅደረማርያም በሩ ላይ ተቀምጣ ክር ታጠነጥናለች። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት።

"አንቺ ነሽ?" አለቻት፤ ከዚያ አንገቷን ደፋች። "ከእንግዲህ ማን ልበልሽ?"

ንጋቷ አልፋት ገባች።

"ለምን ነገርካቸው?" አለችው።

"እግርህን አንሣ ሲሉኝ አመለጠኝ። አንቺን ላለማጣት ብዬ ነው፣ አበልጅ።"

"አበልጅ አትበለኝ። አሁን እሱም ቀርቷል።"

መወርወሪያውን አስቀመጠ። "ስሚኝ። እሺ በያቸው። አንድ ቤት እንኑር እንጂ እንደ ድሮው ነን። አልነካሽም። ቁጭ ብለን እናወራለን፤ በሩንም እንደልባችን እንዘጋዋለን።"

በዚህ መሳቅ ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። "ሚስትህ ከሆንኩ አታወራኝም" አለችው። "ታዘኛለህ። ክፋት ኖሮህ አይደለም፤ ባል ሆነህ ነው። አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። ያኛውም ከመንገድ ላይ ጨዋታ ነው የተነሣው።"

"እኔ እሱ ነኝ?"

"አይደለህም። ግን እሱም ከማግባቱ በፊት እሱ አልነበረም።"

ከዚያ ያስጨነቃትን ጠየቀችው፤ "እውነቱን ንገረኝ ብዙአየሁ። ትንሽም ቢሆን ፈልገኸዋል?"

ውሸት የማይችል ሰው ነው። "አላውቅም" አላት። "ፍቅርተ ሳለች አስቤው አላውቅም፤ ይህን በቁርባኔ እምልልሻለሁ። ግን ሰው ሲለኝ፣ ሲለኝ፣ ሲለኝ... አሁን ድሮም ያሰብኩት እየመሰለኝ መጣ። የቱ የእኔ ሐሳብ እንደሆነ፣ የቱ የእነሱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።"

ይህ ነው የሰበራት። ሽማግሌው አይደለም፣ ቦኖው ላይ የነበረው ሳቅም አይደለም። ሃያ ዓመት የኖሩበት ነገር ወደ ኋላ ሄዶ ሲበላሽ አየችው። በሩን ከፍተው የተቀመጡበት ብርድ ሁሉ፣ የሳቁት ሁሉ፣ አሁን እሱ ሲያስበው ሌላ መልክ እየያዘ ነው። ነገ ሌላ ሰው ደግሞ ለእሷም ይነግራትና፣ እሷም ድሮ ያሰበችው ሊመስላት ይችላል። ያን ፈራች።

"መልሰህ ጥራቸው" አለችው። "ትቼዋለሁ በላቸው።"

"ሽማግሌ ልኬ ልተውሽ? ምን አግኝቶባት ነው ይሉሻል እኮ። ከዚያስ በኋላ በየትኛው ዓይኔ ደጅሽን እረግጣለሁ?"

እውነቱን ነው። እኔም ቤቴ ተቀምጬ በየአቅጣጫው አገላብጬ አይቼዋለሁ፤ መውጫ የለውም። እሱ ከተወው እሷ ትዋረዳለች፤ እሷ ከመለሰችው እሱ ይዋረዳል፤ ከተጋቡ ሁለቱም የሚፈልጉት ነገር ይጠፋል። ሰው ትቷቸው እንደነበሩ ቢቆዩ ኖሮ! ግን አንዴ ሽማግሌ ገብቷል። ሽማግሌ ከገባ በኋላ እሺ እና እምቢ ብቻ ነው ያለው።

እሑድ መጡ። አሁንም ቆሙ። ንጋቷ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መሬት መሬት እያየች፣ "አባቶቼ፣ ስላከበራችሁኝ እግዚአብሔር ያክብራችሁ፤ አልችልም" አለች።

"ምክንያት?" አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት።

"ወንድሜ ነው።"

"በምን ወንድምሽ ነው? በሥጋ አይደለም። በክርስትና አይደለም፤ እሱን አይተነዋል። ጡት አልተጣባችሁም። በምን?"

"እንዲሁ" አለች።

"እንዲሁ የሚባል ዝምድና የለም፣ ልጄ" አሉ። ለመስደብ አልነበረም፤ እንዲያውም ያዘኑላት መሰለኝ። መምሬ ወልደኪዳን ግን ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "አንቺ እንኳ አትመክሪያትም?" አሉኝ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሳይቀመጡ ጠየቁ፣ ሳይቀመጡ ሄዱ።

ማታውኑ ሰፈሩ አወቀ። ሠናይት፣ "ንግሥት ናት መሰላት! አርባ ሦስት ዓመቷ እኮ ነው" እያለች ላገኘችው ሁሉ ታወራለች። ያው ሠናይት ባለፈው ወር ሳያገባት ቤቷ ይመላለሳል እያለች የምታማት ነበረች።

በኅዳር ሚካኤል ብዙአየሁ አልመጣም። ንጋቷ ዱካውን ከበሩ አጠገብ አውጥታ ነበር፤ አመሻሹ ላይ መልሳ አስገባችው። አጥሩ ላይ ሆኜ እያየኋት መሆኑን ስታውቅ፣ "ሥራ በዝቶበት ይሆናል" አለችኝ። በሚካኤል ሸማኔ ሥራ እንደማይበዛበት ሁለታችንም እናውቃለን።

በጽዮን ማርያም ዕለት እኔና እሷ አብረን ሄድን። ከቅዳሴ ስንወጣ ቅጽሩ በር ላይ ከፊት ለፊታችን መጣ። ልጁ ከጎኑ ናት። ሰው ግጥም ብሏል፤ ሰውም እነሱን ለማየት ቆም፣ ቆም ይላል። ብዙአየሁ ባርኔጣውን አወለቀ። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሷ ነው ጎንበስ ያለው።

"እንደምን ሰነበቱ?" አላት።

ሃያ ዓመት ሙሉ "አንቺ" ሲላት የኖረ ሰው ነው።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አለች ንጋቷ። "እንደምን ሰነበቱ?"

"ደኅና። ይመስገን።"

ማኅደረማርያም ጫማዋን እያየች ቆማ ነበር። እንደዚያው አለፈች። እነሱ ወደ ውስጥ፣ እኛ ወደ ውጭ።

መንገድ ላይ አላለቀሰችም። ቤቷ በር ላይ ስንደርስ ብቻ፣ "ዓይኑን አየሽው?" አለችኝ። "ቀልቷል። ምስማሮቹን ይቆጥር እንደሆን ማን ይጠይቀዋል አሁን?" ብላ ገባች።

በማግስቱ ማለዳ ተነሣች። ውርጩ ገና አልቀለጠም። በሁለት ወር የፈተለችውን ጠጉር በአንሶላ ጠቅልላ በጀርባዋ አዘለችና፣ በብዙአየሁ የሽመና ቤት በኩል የሚያልፈውን አቋራጭ ትታ በአስፋልቱ ዞራ ገበያ ሄደች። ከጫጫ መጥቶ ጠጉር የሚገዛ አንድ ነጋዴ ሱቅ አለ፤ እዚያ ገባች። ሰውዬው ክሩን ሳብ አደረገው፤ ጥሩ ነው አለ።

"እስከ ዛሬ ለማን ነበር የምትሸጪው?"

"ለአንድ ሸማኔ።"

"ምነው፣ ሞተ?"

"የለም" አለች። "እዚሁ ነው ያለው።"

ሰውዬው ሌላ አልጠየቃትም። ዋጋዋን ከፍሎ፣ ለሚቀጥለው የምትፈትለውን ያልተነደፈ ጠጉር ሰጣት፤ ያንኑ በአንሶላዋ ቋጥራ ወደ ቤቷ ተመለሰችና መንደፍ ጀመረች።